ስለ ድመት ጥፍር ማስወገድ

ነገር ሁሉ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ለማወቅም ለመፍረድም ይቀላል፤ ሌላ ስም ሲሰጠው ግን ዐዋቂ የሚባለውን ሰው እንኳ ያሳስታል። በችሎት ጸሐፊነት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። አንዱ ባለጕዳይ «ወሰን አስተካከልሁ» ብሎ ያጻፈው ቃል፣ ምስክር በተሰማ ጊዜ የጎረቤትን እርሻ ገፍቶ መውሰድ ሁኖ ይገኛል። ሌላው «ጥቂት ቀጣሁት» ያለው ነገር፣ የሐኪም ማስረጃ በቀረበ ጊዜ የክንድ ስብራት ሁኖ ይገኛል። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ከቃሉ በስተኋላ ያለው ሥራ ግን ትልቅ ነው።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ለክቡራን አንባቢዎች ለማቅረብ ያሰብሁት ጕዳይም ስሙ ትንሽ፣ ሥራው ግን ትልቅ የሆነ ነገር ነው። ይኸውም ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ሲሠራበት የኖረው፣ የቤት ድመትን ጥፍር በሐኪም እጅ የማስወገድ ልማድ ነው። የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ መሣቁ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነውና፣ ጥፍሯ የእንጀራዋ መሣሪያ ነው። በጎተራ ያለው እህል፣ በመዝገብ ቤትም ያለው ወረቀት ከአይጥ ጥርስ የሚድነው በዚሁ በጥፍሯ ስለ ሆነ፣ ጥፍር የሌላት ድመት ማለት ምላጭ የሌለው ማጭድ ማለት ነው።

ነገር ግን ዛሬ ከብዙዎቻችን ቤት አንድ ልጅ ወይም አንድ እኅት ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ሜሪላንድ፣ ወደ ቨርጂኒያ ወይም ወደ ቶሮንቶ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። እነዚህ ዘመዶቻችን በዚያ አገር ልማድና በዚያ አገር የኪራይ ውል ውስጥ ይኖራሉ። ስለዚህ ነገሩ የሰው አገር ነገር ነው ብለን የምንተወው አይደለም። በገዛ ቤተ ሰቤ ላይ የደረሰውን ስላየሁ፣ ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን እጽፋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በዚያ አገር ድመት የምትኖረው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ሳትወጣ ነው። ቤቱም በምንጣፍና በውድ ወንበር የተሞላ ነው። ድመትም በተፈጥሮዋ መቧጨር አለባት፤ ስትቧጭር ያረጀውን የጥፍሯን ልባስ ትገፍፋለች፣ ጀርባዋንና ትከሻዋን ታፍታታለች፣ በመዳፏም ውስጥ ካሉት ዕጢዎች በሚወጣው ሽታ «ይህ ስፍራ የእኔ ነው» ብላ ምልክት ታደርጋለች። «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» እንደ ተባለ፣ ይህን ልማዷን በቍጣ ማስተው አይቻልም። የምትቧጭረው ዛፍ ስታጣ ወንበሩን ትቧጭራለች፤ የቤቱ ጌታም ይቈጣል። መፍትሔ ሁኖ የተገኘውም ጥፍሯን ማስወገድ ነው።

አሁን «ጥፍር ማስወገድ» የሚለው ቃል ምን እንደ ሸፈነ እንመልከት። ድመት በየፊት እግሯ 5፣ በየኋላ እግሯ 4፣ በድምሩ 18 ጣቶች አሏት። የሰው ጥፍር በጣት ሥጋ ላይ ተኝቶ የሚበቅል ነው፤ የድመት ጥፍር ግን ከጣቷ ጫፍ ካለው ከመጨረሻው አጥንት ላይ የሚበቅል ነው። ስለዚህ ጥፍሩ ዳግመኛ እንዳይበቅል የሚፈልግ ሐኪም፣ አጥንቱን ጭምር ማውጣት ግድ ይሆንበታል። በሰው እጅ ቢመሰል፣ ከየጣቱ ጫፍ ያለውን አንጓ መቍረጥ ማለት ነው። የሁለቱ የፊት እግሮች ብቻ ከሆነ 10 ጊዜ መቍረጥ፣ የአራቱም ከሆነ 18 ጊዜ መቍረጥ ነው። ድመት ደግሞ እንደ ሰው ተረከዟን መሬት አስነክታ የምትሄድ አይደለችም፤ የምትሄደው በጣቶቿ ላይ ቆማ ነው። እንግዲህ የሚቈረጠው አካል የሰውነቷን ክብደት የምትሸከምበት አካል ነው ማለት ነው።

በ2022 ዓ.ም. በመከር ወራት ታላቅ እኅቴን ለመጠየቅ ወደ ቨርጂኒያ ሄጄ ሦስት ወር ያህል ተቀምጬ ነበር። እኅቴ የስኳር በሽታ ስላለባት ከልጇ ዘንድ ሁና ትታከማለች። የእኅቴ ልጅም አንዲት የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ይህች ሕፃን ውሮ ብላ የምትጠራት አንዲት ግራጫ ድመት ነበረቻት። ድመቲቱ ወደ ቤት ከገባች ስድስት ወር ቢሆናት፣ የኪራይ ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። አከራዩም በአዲሱ ውል ላይ «በቤቱ የምትኖረው ድመት ጥፍሯ የተወገደ መሆን አለባት» የሚል አንድ መስመር ጨምሮ ላከ።

የእኅቴ ልጅ ውሉን አንብባ ፈረመች። የምትፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው ቤት ማጣት፣ ሁለተኛው የእናቷ በሽታ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቍስል ቶሎ አይድንለትምና፣ ድመቲቱ እናቴን ትቧጭርብኛለች ብላ ትሠጋ ነበር። ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ እንደሚባለው፣ ድመቲቱን ወደ አንድ ሐኪም ወስዳ የፊት እግሮቿን አስቈረጠች። እኔ የደረስሁት ይህ በተደረገ በሦስተኛው ቀን ነው።

በቤቱ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ባይኖርም፣ ወረቀት ሁሉ ለእኔ መቅረቡ የቈየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ሐኪሙ ስለ ማስታመም የሰጠውን ወረቀት የእኅቴ ልጅ አምጥታ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» አለችኝ። ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነበር። ድመቲቱ ከ10 እስከ 14 ቀን በአንድ ጸጥ ባለ ክፍል ትቀመጥ፤ ከከፍታ አትዝለል፤ በምትጸዳዳበት ሣጥን ውስጥ የተለመደው የሸክላ ጠጠር ቀርቶ የወረቀት ቍራጭ ይደረግላት፤ ጠጠሩ በቍስሉ ውስጥ ይገባልና። ቍስሏን እንዳትልስ በአንገቷ ላይ ሰፊ አንገትጌ ይደረግላት። መድማት፣ ማበጥ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ማንከስ ከታየ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ትወሰድ። የታዘዘላት የሕመም ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጣት፤ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት ግን ከቶ አይሰጣት።

በዚህ በመጨረሻው ነገር ላይ አንባቢዎችን አጥብቄ አሳስባለሁ። ፓራሲታሞል የሚባለው፣ በየቤታችን ለራስ ምታት የምንውጠው መድኃኒት፣ ለድመት መርዝ ነው። የድመት ጕበት ይህን መድኃኒት እንደ ሰው ጕበት አድርጎ ማብረድ ስለማይችል ደሟ ይበላሻል፤ አንዲት ፍሬ እንኳ ልትገድላት ትችላለች። ስለ ርኅራኄ ብሎ የሰጠ ሰው በርኅራኄው ይገድላታል።

የታዘዘው ሁሉ በቤቱ ተፈጸመ። ሕፃኒቱ ወረቀት ስትቀድ ትውል ነበር። ነገር ግን ድመቲቱ በጋለ ምጣድ ላይ እንደምትራመድ ሁና አንዱን እግሯን አንሥታ ሌላውን ታስቀምጥ ነበር። ሌሊት ሌሊት ከአልጋው ሥር ሁና ስታቃስት እኅቴ ትሰማና «እኔን ብላ ነው ይህን ያደረገችባት» እያለች ታዝን ነበር። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ቍስሉ ከላይ ደረቀ፤ ሁላችንም ተፈጸመ ብለን ደስ አለን።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ጀመረ። ውሮ ወደ ሣጥኗ መግባት እንቢ አለች። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን መሬት ስትጭር እግሯን ስለሚያማት፣ ሕመሙን ከሣጥኑ ጋራ አገናኝታ ጠላችው። በሣጥኑም ፈንታ በለስላሳው ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀመረች። ከጥፍር እንዲድን የተፈለገው ምንጣፍ በሽንት ተበላሸ። አከራዩም ስለ ሽታው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የከፋ ነበር። ድመት በተቈጣች ጊዜ አስቀድማ በጥፍሯ ትመታለች፤ ይህ ማስጠንቀቂያዋ ነው። ጥፍር የሌላት ድመት ግን የቀራት ጥርሷ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኅቴ ድመቲቱን ከወንበር ላይ ልታነሣት የፊት እግሯን ብትይዛት፣ እጇን ነከሰቻት። የድመት ጥርስ ቀጭንና ረዥም ስለ ሆነ፣ ከላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ምልክት ብቻ ይታያል፤ ተሐዋስያኑን ግን ወደ ሥጋ ውስጥ አጥልቆ ይከታል። ስለዚህ ከጭረት ይልቅ ንክሻው ይከፋል። በማግሥቱ የእኅቴ እጅ እስከ አንጓዋ ድረስ አበጠ፤ ትኵሳትም መጣባት፤ ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት አድራ በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጣት ዳነች። ከጭረት ትጠበቅ ተብሎ የተደረገው ነገር ለንክሻ አጋለጣት።

ከሐኪም ቤት በተመለሰች ማታ በቤቱ ምክር ሆነ። የእኅቴ ልጅ ድመቲቱን ወደ እንስሳት ማቆያ ለመስጠት ቈርጣ ነበር። ሕፃኒቱ ታለቅሳለች። እኅቴ ግን የታሰረ እጇን በጕልበቷ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ፣ እጇን የቈረጥናት እኛ ነን፤ ነከሰችኝ ብለን ደግሞ ከቤት እናስወጣታለን? ምን እንደሚያማት አስቀድሞ ይታወቅ» አለች። የነገሩ ፍርድ በዚህ ተዘጋ። በሳምንቱም እኔና የእኅቴ ልጅ ድመቲቱን ይዘን ወደ ሌላ የእንስሳት ሐኪም ሄድን።

ይህች ሐኪም በዕድሜዋ የገፋች፣ ንግግሯ የተመዘነ ሴት ናት። የድመቲቱን እግር በራጅ አንሥታ ፎቶግራፉን በብርሃን ላይ አሳየችን። በሁለት ጣቶች ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የአጥንት ቍራጭ ቀርቶ ነበር። ድመቲቱ በተራመደች ቍጥር ያ ቍራጭ ሥጋዋን ይወጋት ነበር። እኔም የለመድሁት ሥራ መጠየቅና መጻፍ ስለ ሆነ፣ ቍራጩ እንዴት ሊቀር እንደ ቻለ ጠየቅኋት፤ እርስዋም ሳትሰለች አስረዳችኝ።

ሥራው የሚሠራው በሦስት ዓይነት ነው። በሦስቱም ድመቲቱ በማደንዘዣ ትተኛለች። አንደኛው ጥንታዊው መንገድ፣ ጥፍር በሚቈረጥበት ዓይነት ተንሸራታች ምላጭ ባለው መሣሪያ የጣቱን ጫፍ በአንድ ጊዜ መቍረጥ ነው። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ምላጩ በአንጓው መካከል በትክክል ካላለፈ የአጥንቱን ቍራጭ ያስቀራል፤ አለዚያም ድመቲቱ የምትረግጥበትን የመዳፍ ለስላሳ ሥጋ ይቈርጣል። ጥፍሩ የሚበቅልበት የአጥንት ክፍል ከቀረ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጥፍሩ ተጣምሞ ከቈዳ ሥር ይበቅላል።

ሁለተኛው በሐኪም ቢላዋ አንጓውን እየከፈቱ፣ ጅማቶቹን አንድ በአንድ እየቈረጡ አጥንቱን በሙሉ ማውጣት ነው። ይህ ጊዜና ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አጥንቱ ግን በሙሉ ይወጣል። በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ደሙ እንዲቆም ክንዷን ከክርኗ በታች በማሰሪያ ያስሩታል። ማሰሪያው ከክርን በላይ ከሆነ ወይም ከጠበቀ ነርቩን ይጎዳና እግሯ ይሰንፋል። ከዚያም ቍስሉን በክር ይሰፉታል ወይም በሕክምና ሙጫ ይዘጉታል፤ እስከ ማግሥቱም በፋሻ ያስሩታል።

ሦስተኛው ሌዘር በሚባለው የብርሃን ኀይል መቍረጥ ነው። ሌዘር እየቈረጠ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ስለሚዘጋ ደሙ ያነሰ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ድመቶቹ ከሌሎቹ ይልቅ ደኅና ይራመዳሉ። ዋጋው ግን ይበዛል፤ እጁ ያልለመደ ሐኪምም ሥጋውንና አጥንቱን ሊያቃጥል ይችላል። «መሣሪያው ይለያያል እንጂ የሚቈረጠው አንድ ነው» አለችን።

ከነዚህ ሌላ ጥፍሩን ትቶ ጥፍሩን የሚያወጣውን ጅማት ብቻ ቍራጭ አድርጎ የማውጣት ሥራ አለ። በዚህ ድመቲቱ ጣቷ ሳይቈረጥ ጥፍሯን መዘርጋት ይሳናታል። ነገር ግን መቧጨር ስለማትችል ጥፍሩ አይፋቅም፤ ይወፍራል፣ ባለቤቷም ዕድሜዋን ሁሉ እየቈረጠ ካልኖረ ተጠምዝዞ መዳፏን ይወጋል።

የውሮ ነገር በዓለም ብቻውን የደረሰ መስሎን ነበር፤ አይደለም። በ2018 ዓ.ም. በአንድ የድመት ሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፣ ሊቃውንት 274 ድመቶችን መርምረዋል፤ 137ቱ ጥፍራቸው የተወገደ፣ 137ቱ ጥፍራቸው ያልተነካ ነበሩ። ከተቈረጡት ከመቶ 63ቱ ላይ የአጥንት ቍራጭ ቀርቶ ተገኝቷል። የተቈረጡት ካልተቈረጡት ይልቅ ከሣጥን ውጭ የመጸዳዳታቸው ዕድል 7 እጥፍ ያህል፣ የመንከሳቸው ከ4 እጥፍ በላይ፣ የጀርባ ሕመም የማግኘታቸው ደግሞ ወደ 3 እጥፍ የቀረበ ሁኖ ተገኝቷል። ጀርባ የሚያማቸውም የፊት ጣታቸው ሲቈረጥ አረማመዳቸው ስለሚለወጥና ክብደታቸውን ወደ ኋላ ስለሚጥሉ ነው።

ሐኪሟ ድመቲቱን ዳግመኛ አስተኝታ ሁለቱን ቍራጮች አወጣች። ከሥራው አስቀድማ ነርቡን የሚያደነዝዝ መርፌ በእግሯ ላይ ወጋቻት፤ ከሥራውም በኋላ ለብዙ ሳምንት የሚሰጥ የሕመም መድኃኒት አዘዘች። ጠጠሩ በደቃቅ ለስላሳ አሸዋ እንዲለወጥ፣ ሣጥኑም ሁለት እንዲሆን፣ ሁለተኛው በሌላ ክፍል እንዲቀመጥ መከረች። ስለ እኅቴም ስትጠየቅ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማእከል በሽታ የመከላከል ዐቅማቸው ለደከመ ሰዎች እንኳ የድመትን ጥፍር ማስወገድ እንደማይመክር ነገረችን። የሚጠቅመው ጥፍሩን ማሳጠር፣ ድመቲቱን ከቍንጫ መጠበቅ፣ ከጭረትም በኋላ ወዲያው በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው፤ የድመት ጭረት ትኵሳት የሚባለውን በሽታ በድመቶች መካከል የሚያዛምተው ቍንጫ ነውና።

ውሮ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ሣጥኗ ተመለሰች፤ መንከሷንም ተወች። እኔ ይህን የሰማሁት ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ በስልክ ነው። እግሯን ግን እስከ ዛሬ አታስነካም፤ ወደ ከፍታም አትዘልም። የወጣው ገንዘብ ሲደመር፣ ለሁለቱ ኦፕራሲዮን፣ ለእኅቴ ሕክምናና ለምንጣፉ የተከፈለው፣ የአዲስ ወንበር ዋጋ ብዙ ጊዜ ያጥፋል።

በችሎት አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ስለማይገባ፣ የሌላውንም ወገን ቃል ልጻፍ። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ «ባለቤቷ ጥፍሯን መታገሥ አቅቶት ድመቲቱን ከሚጥላት ወይም ከሚያስገድላት፣ ጥፍሯን አጥታ በቤቷ ብትኖር ይሻላል» ይላሉ። ብዙ ድመቶችም ያለ ሕመም የዳኑ መስለው ይኖራሉ። ይህ ቃል ክብደት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ድመት ሕመሟን የምትሸሽግ እንስሳ መሆኗ የታወቀ ነው፤ ዝም ማለቷም ደኅና ለመሆኗ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም ጥፍር ያጣችው ድመት በሽንትና በንክሻ ምክንያት ከቤት የምትወጣ ከሆነ፣ የተባለው ጥቅም ይቀራል። በእኅቴ ልጅ ቤት ሊሆን ጥቂት የቀረውም ይኸው ነበር።

የየአገሩ ሕግም ቀስ በቀስ ወደዚሁ አሳብ አዘንብሏል። በ1987 ዓ.ም. በስትራስቡርግ የተፈረመው የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት፣ ለሕክምና ካልሆነ በቀር ጥፍር ማስወገድን ይከለክላል። እስራኤል በ2011 ዓ.ም. ከለከለች። በአሜሪካ አስቀድማ የከለከለች ከተማ በ2003 ዓ.ም. ዌስት ሆሊውድ ናት፤ አስቀድሞ የከለከለ ግዛት ደግሞ በ2019 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ነው፤ ሕጉን የሚጥስ ሰው እስከ 1000 ዶላር ይቀጣል። ሜሪላንድ በ2022፣ ቨርጂኒያም በ2024 ዓ.ም. ተከተሉ። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በ2018 ዓ.ም. ቀደመች። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 ዓ.ም. ሥራውን እንደማያበረታታ ገለጸ። ሕጎቹ ሁሉ በጣቱ ላይ ዕጢ ወይም ሌላ በሽታ ለተገኘባት ድመት ሐኪሙ እንዲቈርጥ ይፈቅዳሉ፤ የሚከለክሉት ለወንበር ተብሎ የሚደረገውን ነው።

ለእኔ ለሕግ ወረቀት ጸሐፊው ግን ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። ይህች ግዛት በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፣ አከራይ ተከራዩን የድመትህን ጥፍር አስወግድ ብሎ በውል እንዳያስገድድ ከልክላለች። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ነገሩ የሚጀመረው ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከውሉ ወረቀት ላይ መሆኑን አውቀዋል። የእኅቴ ልጅ በፈረመችው ውል ላይ «ተከራይ የድመቷን ዐሥር ጣቶች ጫፍ ያስቈርጣል» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ብዕር አታነሣም ነበር። እርስዋ ጨካኝ አይደለችም፤ አከራዩም ቢሆን ነገሩን በዚህ ስሙ ቢያውቀው ላይጽፈው ይችል ነበር። ሁለቱንም ያሳለፋቸው ቃሉ ነው።

ድመት በቤቱ ላለችው፣ በውጭ አገርም ዘመድ ላለው አንባቢ የሚጠቅመው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። የድመትን ጥፍር በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ጫፉን ብቻ ማሳጠር ይቻላል። ጥፍሩን በብርሃን ላይ ቢያዩት በውስጡ ቀይ የደም ሥር ይታያል፤ ከዚያ ሳይደርሱ ነጩን ጫፍ መቍረጥ ነው። ድመቲቱ ከልጅነቷ ጀምራ መዳፏን ማስነካት ከለመደች ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ሁለተኛ፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል ወይም ሁለት ክንድ የሆነ፣ የማይነቃነቅ ምሰሶ በቃጫ ገመድ ጠቅልሎ ከምትወደው ወንበር አጠገብ ማቆም ነው። ምሰሶው ካጠረ ወይም ከተወዛወዘ ትንቀዋለች፤ በሙሉ ቁመቷ ተንጠራርታ መቧጨር ትፈልጋለችና። ሦስተኛ፣ በጥፍሩ ላይ በሙጫ የሚለጠፍ ለስላሳ ቆብ አለ፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቈይቶ ከጥፍሩ ልባስ ጋራ ይወድቃልና ይለወጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ኦፕራሲዮን ያነሰ ገንዘብና ያነሰ ድካም ነው።

ጥፍሯ አስቀድሞ የተወገደ ድመት በቤቱ ያለች ሰው ደግሞ ተስፋ አይቍረጥ። በለስላሳ አሸዋ ትጸዳዳ፤ ከውጭ አትለቀቅ፤ መከላከያዋ ተወስዷልና። ከሣጥኗ ውጭ ብትሸና ወይም ብትነክስ ከመቅጣት በፊት እግሯን በራጅ ያስመርምር። ክፉ ዐመል መስሎ የሚታየው ነገር ሕመም ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ፣ እንስሳ ላይም ሆነ ሰው ላይ የሚሠራ ሥራ በቀረበልን ጊዜ ሐኪሙንም ውል ጸሐፊውንም ሦስት ነገር እንጠይቅ። የሚቈረጠው ምንድን ነው? ሕመሙ እስከ መቼ ይቈያል? ሳይቈረጥ የሚሆንበት መንገድ የለምን? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጥ መልስ ካላገኘን ፊርማችንን እናቈይ። ፊርማ ለአንድ ቀን ቢዘገይ የሚጎድል ነገር የለም፤ የተቈረጠ አካል ግን በይግባኝ አይመለስም።